በርሜሉ ላይ የቀረው

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የጠላ አተላ ለከብት ይሰጣል፤ የጠጅ አምቡላ ከጋኑ ሥር ይቀራል። ከወይን የሚጠመቀውም አተላ አለው፤ ከአተላው ሌላ ግን በርሜሉ ግድግዳ ላይ እንደ ድንጋይ የሚጋገር ቅርፊት አለ። ታርታር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1769 ስዊድናዊው ካርል ሼሌ ከዚህ ቅርፊት ታርታሪክ አሲድን ለይቶ አወጣ።

ጉዱ የመጣው ኋላ ነው። በ1820 ገደማ በአልዛስ፣ ታን በምትባል ከተማ፣ ይህንኑ አሲድ ከሚያወጣ ፋብሪካ እንግዳ አሲድ ተገኘ። ሲመረምሩት ቅንብሩ ከታርታሪክ አሲድ ጋር አንድ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን ሲያሳልፉበት ግን ነገሩ ተለየ፤ ታርታሪክ አሲድ ብርሃኑን ወደ ቀኝ ያዞረዋል፣ እንግዳው ንቅንቅ አያደርገውም። ታዲያ አንድ የሆኑ ነገሮች እንዴት ሁለት ይሆናሉ?

በ1848 ጥያቄው አንድ የ25 ዓመት ወጣት እጅ ገባ። ሉዊ ፓስተር ይባላል፤ በወይን አገር በአርቧ ያደገ የቆዳ አልፊ ልጅ ነው። ከእንግዳው አሲድ ጨው ሠርቶ አቀዘቀዘና ክሪስታሎቹን በማጉያ መነጽር ያያቸው ጀመር። አንዷ ትንሽ ገጽ በአንዳንዶቹ ላይ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ በሌሎቹ ላይ ወደ ግራ። የቀኝ እግር ጫማና የግራ እግር ጫማ በሉት፤ መልካቸው አንድ፣ አንዱ በሌላው ቦታ የማይገባ። ታዲያ ምን አደረገ? እንደ ምስር ለቀማ አንድ በአንድ ለያቸው! የቀኞቹን ውሃ ውስጥ አሟሙቶ ቢፈትን ብርሃኑ ወደ ቀኝ ዞረ፤ የግራዎቹ ወደ ግራ መለሱት። አንድ ላይ ሲሆኑ እርስ በርስ ተጣፍተው ዝም ያሰኙት ኖሯል።

ወሬው ለዣን ባፕቲስት ቢዮ ደረሰ። ዕድሜውን በብርሃን ምርምር የፈጀ የ74 ዓመት አዛውንት ነውና በወሬ አላመነም። ከራሱ ዘንድ አሲዱን ሰጥቶ፣ ፓስተርን ዓይኑ ሥር አሠራው። ከቀናት በኋላ የግራዎቹን ብጥብጥ በገዛ እጁ አዘጋጀና በመሣሪያው አየ። አንዴ ማየት በቃው፤ ልቡ ተነክቶ የወጣቱን ክንድ ያዘ። እኔ ይህን ታሪክ በተረክሁ ቁጥር እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄ ይለወጣል።

ዛሬም ቅርፊቱ አይጣልም፤ ተጣርቶ ከቤኪንግ ፓውደር ይገባል። ከወይኑ ዘር ዘይት ይጨመቃል፣ ከተጨመቀው ወይን ገለባ አልኮል ይወጣል።

አንዱን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከታርታር የሚሠራ የሮሼል ጨው የሚባል አለ። በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ደረሱበት፤ ይህም ጨው አንዱ ነበር። ኋላ የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ሥር ተቀመጠ። ሸክላው ሲዞር መርፌው ይንቀጠቀጣል፣ ጨውን ይጫናል፣ ጨው ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ዘፈኑም በዚያ በኩል ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄድ ነበር።