የሶሮክ ደሴት አረጋውያንና ከሩቅ አገር የመጡ ጧሪዎቻቸው

ሰው ሲያረጅ ጧሪ፥ ሲሞትም ቀባሪ ያስፈልገዋል። የወለደ በልጁ ይጦራል፤ ልጅ የሌለው ዘመዱን ተስፋ ያደርጋል፤ ዘመድም ያጣ እንደ ሆነ ወደ ደጀ ሰላም ይጠጋል። ነገር ግን እንዳይወልድ በመንግሥት ሥርዓት የተከለከለ፥ ከዘመዱም ተለይቶ በባሕር የታጠረ ሰው በእርጅናው ወራት ማን ይጦረዋል? በኮርያ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኝ በአንዲት ትንሽ ደሴት የሆነው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል፤ መልሱም ሌላ ጥያቄ አስከትሏል።

ደሴቲቱ ሶሮክ ትባላለች፤ ይኸውም ትንሽ አጋዘን ማለት ነው፤ ቅርጿ አጋዘን ይመስላል ስለ ተባለ ይህ ስም ወጣላት። ከኖክዶንግ ወደብ የሚለያት ባሕር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጃፓን በ1910 ዓ.ም. (ይህም ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) ኮርያን ከግዛቷ ጋራ ከቀላቀለች በኋላ፥ በ1916 ዓ.ም. የጃፓን መንግሥት እንደ ራሴ በደሴቲቱ ላይ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሐኪም ቤት አቋቋመ። አስቀድሞ ለመቶ ያህል ሕሙማን የታሰበው ስፍራ እየሰፋ ሄዶ፥ በ1940 ዓ.ም. ገደማ የሕሙማኑ ቍጥር ወደ 6,000 ደረሰ።

ስሙ ሐኪም ቤት ይባል እንጂ ሥራው የግዞት ቤት ነበር። በ1933 ዓ.ም. የተሾመው ሱሆ ማሳሱዌ የተባለው አለቃ ጣቶቻቸው በደዌው ያለቁትን ሰዎች ጡብ እያስጣለ፥ ድንጋይ እያሸከመ፥ መንገድና የአትክልት ስፍራ አሠራቸው። ትእዛዝ የተላለፈ በወኅኒ ይዘጋበት ነበር። አለቃው በሕይወቱ ሳለ ሐውልት አቁሞ ሕሙማኑ በየወሩ እየተሰበሰቡ በፊቱ እንዲሰግዱ አደረገ። በሰኔ 20 ቀን 1942 ዓ.ም. ለዚሁ ሥርዓት ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሰዓት ኢ ቹን ሳንግ የሚባል አንድ ሕመምተኛ ሱሆን በካራ ወግቶ ገደለው፤ እርሱም በሞት ተቀጣ።

ከመከራው ሁሉ ግን እጅግ የከፋው በትውልድ ላይ የተሠራው ነው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ባልና ሚስት በአንድ ቤት እንዲኖሩ የሚፈቀድላቸው፥ ባልየው ዳግመኛ እንዳይወልድ በሐኪም ቢላዋ ከታከመ በኋላ ብቻ ነበር። ጃፓን በ1945 ዓ.ም. ተሸንፋ ከሄደችም በኋላ ይህ ልማድ በኮርያ መንግሥት ዘመን ብዙ ጊዜ ቈየ። ልጅ የነበራቸውም ቢሆኑ ከልጆቻቸው ጋራ መኖር አልተፈቀደላቸውም፤ ልጆቹ በሌላ ስፍራ ያድጋሉ፤ በወር አንድ ጊዜ ግን በአንድ መንገድ ላይ ይገናኙ ነበር። ወላጆች በመንገዱ ወዲህ፥ ልጆች በመንገዱ ወዲያ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ደዌው በነፋስ ይተላለፋል ተብሎ ስለ ተፈራ ልጆቹ ለነፋሱ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፥ ወላጆቹ ፊታቸውን። እጅ ለእጅ ሳይነካኩ በዓይን ብቻ ተሳስመው ይለያዩ ነበር። ያንንም መንገድ የሐዘን ስፍራ ብለው ጠሩት።

በ1963 ዓ.ም. ሕሙማንን በግድ የሚያገልለው ሕግ ቀረ። ደዌውም መድኃኒት ተገኝቶለት የሚድን ሆነ። ነገር ግን የሕግ መሻር የሰውን ልብ ወዲያው አይሽረውም። ፊቱና እጁ በደዌው የተበላሸውን ሰው መንደሩ አልተቀበለውም፤ ዘመዶቹም ስሙን መጥራት ትተው ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ከዳኑ በኋላ በዚያው ኖሩ፥ በዚያውም አረጁ። የሥጋ ደዌ ግዞት የነበረችው ደሴት ቀስ በቀስ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን መንደር ሆነች።

ወደዚች ደሴት ከኦስትሪያ አገር ሁለት አስታማሚዎች መጡ። ማሪያነ ሽቶገር በ1962 ዓ.ም.፥ ማርጋሪታ ፒሳሬክ በ1966 ዓ.ም. በደሴቲቱ ሥራ ጀመሩ። ሁለቱም በኢንስብሩክ ከተማ የማስታመም ትምህርት የተማሩ፥ በካቶሊክ ምእመናን ማኅበር ውስጥ ሆነው ለአገልግሎት ራሳቸውን የለዩ እንጂ መነኮሳት አልነበሩም። ከ1966 እስከ 1971 ዓ.ም. ከቤልጂክ አገር የመጣው የዳምያን ድርጅት ሐኪሞች በደሴቲቱ ሠርተው ውላቸው ሲፈጸም ተመለሱ፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ቀሩ።

የሠሩት ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሌሎች አስታማሚዎች ጓንት አጥልቀውና አፋቸውን ሸፍነው በሩቅ ሲቆሙ፥ እነርሱ ቍስሉን በባዶ እጃቸው ያጥቡ ነበር። ማለዳ ማለዳ ወተት አፍልተው ለሕሙማን ያድሉ ነበር። ከሐኪም ቤቱ ደመወዝ አልተቀበሉም፤ በኦስትሪያ ያሉ የካቶሊክ ሴቶች የሚልኩትን ርዳታ ለመድኃኒትና ለሕንጻ አዋሉት። ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካውን ሰው በባዶ እጅ መንካት ግን ከመድኃኒት የማይተናነስ ነገር ነው። ልጆቹን በመንገድ ማዶ ብቻ እያየ ለኖረ ሰው እጁን የሚይዝለት ሲመጣ፥ የተፈወሰው ቍስሉ ብቻ አልነበረም።

ዓመቱም እየገፋ ሄደ። ወጣቶች ሆነው የመጡት ሴቶች ከሕሙማኑ ጋራ አብረው አረጁ። የደሴቲቱ ሰዎች ማሪያነን ትልቋ አያት፥ ማርጋሪታን ትንሿ አያት እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። ወልዶ እንዳያይ የተከለከለ ሕዝብ ልጆችን ብቻ ሳይሆን አያቶችንም አገኘ።

በኅዳር ወር 2005 ዓ.ም. ሁለቱ አያቶች ሽኝት ሳያስደርጉ፥ ሻንጣቸውን ብቻ ይዘው በማለዳ ከደሴቲቱ ወጡ። የተዉት ደብዳቤ ብቻ ነበር። በደብዳቤውም ሥራ መሥራት የማይቻልበትና ለሰው ሸክም የሚኰንበት ጊዜ ሲደርስ መሄድ ይገባል ብለው ለባልንጀሮቻቸው ይናገሩ እንደ ነበር አስታወሱ፤ አሁንም ያንን ቃል የሚፈጽሙበት ጊዜ እንደ ደረሰ ገለጡ፤ እንግዶች ሳሉ ስለ ተደረገላቸው ፍቅር አመስግነው፥ ስላጐደሉትም ሁሉ ይቅርታ ለመኑ።

በዚህ አካሄዳቸው ትሕትናቸውን የማያደንቅ የለም። ይሁን እንጂ አስተዋይ አንባቢ አንድ ነገር ሊጠይቅ ይችላል። የደሴቲቱ ሰዎች ከመንደራቸው የተባረሩት ሸክም ናችሁ ተብለው ነው። ሁለቱ ሴቶችም አርባ ዓመት ያህል በእጃቸው ሥራ ሲመሰክሩ የኖሩት፥ ታሞና አርጅቶ የሚረዳ ሰው ሸክም አይደለም ብለው ነው። ለሌላው ሁሉ የመሰከሩትን ለራሳቸው ሲሆን እንደ ምን ከለከሉት? እነዚያ ሲጦሩ የኖሩ ሽማግሌዎች አንድ ቀን እንኳ ጧሪ ለመሆን ምናልባት ይመኙ ነበር። መስጠት በረከት ከሆነ፥ ለሰጠን ሰው መልሶ መስጠትም በረከት ነው፤ ይህንንም በረከት ከድኻው እጅ መውሰድ አይገባም።

ደግሞም የሁለት ሰዎች ደግነት የመንግሥታትን ዕዳ አይከፍልም። እነርሱ ከመሄዳቸው አንድ ወር ያህል አስቀድሞ፥ በጥቅምት ወር 2005 ዓ.ም.፥ የቶኪዮ ፍርድ ቤት የሶሮክ ሕሙማን ያቀረቡትን የካሣ ክስ ውድቅ አድርጎት ነበር። ዳሩ ግን በ1942 ዓ.ም. ከተመዘዘው ካራ ይልቅ የሽማግሌዎቹ ትዕግሥት በረታ፤ በ2006 ዓ.ም. የጃፓን ሸንጎ ሕጉን አሻሽሎ ካሣው እንዲደርሳቸው አደረገ። የኮርያም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ዓ.ም. ሕሙማን እንዳይወልዱ ስለ ተደረገባቸው ግፍ መንግሥት ካሣ ይክፈል ብሎ ፈረደ። ምጽዋት በፍትሕ ፈንታ ሊቆም አይችልም፤ ፍትሕም በዘገየበት ዘመን የታማሚውን ቍስል የሚያጥብ እጅ ግድ ያስፈልጋል።

በ2009 ዓ.ም. ደሴቲቱን ከየብሱ የሚያገናኝ ድልድይ ተከፈተ። በ2016 ዓ.ም. ሐኪም ቤቱ የተመሠረተበት መቶኛ ዓመት ሲከበር ማሪያነ ተመልሰው መጡ፤ የኮርያም መንግሥት በዚያው ዓመት ለሁለቱ የክብር ዜግነት ሰጣቸው። ማርጋሪታ ግን ሊመጡ አልቻሉም፤ የማስታወስ ኀይላቸው ደክሞ በኢንስብሩክ በአረጋውያን መጦሪያ ይኖሩ ነበርና። በመስከረም ወር 2023 ዓ.ም. በ88 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ሥጋቸውም ለሕክምና ተማሪዎች መማሪያ እንዲሆን ተሰጠ።

እንግዲህ ሸክም እንዳይሆኑ ከሶሮክ የሄዱት አስታሚ በመጨረሻ ዘመናቸው በሌላ ሰው እጅ ተጦሩ። ይህም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሲጦር የኖረ ሁሉ የሚጦርበት ቀን ይመጣል፤ ከዚህ ሥርዓት ባለጸጋም ደግ ሰውም አያመልጥም። አረጋውያንን የሚጠብቅ ሁሉ ዛሬ የሚያነጥፈው አልጋ ነገ የሚተኛበት መሆኑን ቢያስብ፥ ከመጦሪያ ቤቶች ሸክም የሚለው ቃል በጠፋ ነበር።