ከፍል ውሃ እስከ እንጦጦ፤ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሽርሽር አጭር ታሪክ



ባለፈው ዓመት ጠቅላላ ስብሰባችን በተደረገበት ዕለት፤ ድንኳኑ ተተክሎ ወንበሩ ሲደረደር ያየ አንድ የጎረቤት ልጅ የእናቱን ቀሚስ ጎተት አድርጎ «እማዬ፤ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቃት። በጊዜው ሁላችንም ሳቅን። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ የሚያሥቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ልጁ ምን ያድርግ! እኛን ባንድነት ተሰብስበን ያየን በለቅሶ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ በመጽሔታችን ላይ ስለ ቀብር ሳይሆን ስለ ሽርሽር ልጽፍ ተነሣሁ። «እድርና ሽርሽርን ምን አገናኛቸው?» የሚሉ አባሎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። መልሱን የከተማችን ታሪክ ራሱ ይሰጠናል።

እንደሚታወቀው አፄ ምኒልክ አስቀድሞ የተቀመጡት በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ተራራው ለጥበቃ ቢመችም ብርዱ ጽኑ፤ ማገዶውም እየራቀ የሚሄድ ሆነ። ስለሆነም እቴጌ ጣይቱና የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ገላቸውን ለመታጠብና ለመናፈስ ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ ቦታውን ስለወደዱት ቤት አሠሩበት፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። እንግዲህ ልብ በሉ! ለመታጠብና ለመናፈስ የተወረደበት ሜዳ ነው ዋና ከተማ የሆነው። ከተማችን በሽርሽር ተወለደች ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ፍል ውሃውም ቢሆን የቤተ መንግሥት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የከተማው ሕዝብ ቤተሰቡን ይዞ ሲታጠብበት ኖሯል።

ከፍል ውሃ ቀጥሎ የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ የኖረው ጃንሜዳ ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወርደው እዚያው ያድራሉ፤ በማግሥቱ ጥምቀት ይከበራል፤ ቅዱስ ሚካኤል ደግሞ ጥር 12 ቀን ወደ መንበሩ ይመለሳል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው እኮ ሰው ሁሉ፤ ድኻም ሀብታምም፤ ያለውን ለብሶ የሚወጣበት ቀን ስለሆነ ነው። ለመግቢያ የሚጠይቅ የለም። ጃንሜዳ የፈረስ ጉግስና የገና ጨዋታም ሜዳ ነበር። የመስከረም 16ቱ ደመራም እንዲሁ ነው፤ ያለ ቲኬት ሕዝብ የሚገናኝበት በዓል ነው። የመስቀል በዓል በ2006፤ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። በዚያው በ2012 ዓ.ም. የኢሬቻ በዓል ከረጅም ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ እንደገና ተከብሯል። ዓለም በቅርስነት የመዘገበውን በዓል እኛ በታክሲ ሒሳብ ብቻ ደርሰንበት እንመለሳለን ማለት ነው።

በቤት ውስጥ የሚታየውም መዝናኛ የራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ሲኒማ ሲመጣ ሕዝቡ ፈርቶ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» አለው፤ ኋላ ግን ለመደው። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ከእርሱም የሀገር ፍቅር ቴያትር ተገኘ። ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴያትር ቤት በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ተከፈተ። ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢም በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተቋቁሞ ስንቱን ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ አስቀምጦ አንበሳ አሳይቷል! እዚያው አጠገብ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ፤ ተራ ሰው የማይረግጠው የነበረው እልፍኝ ቆይቶ ሙዚየም ሆነ። በዚሁ ዓመት ጥር 13 ቀን ደግሞ በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። የዚያን ቀን በስታዲየሙ የነበሩ አባቶች ሲያወሩት ሰምታችሁ እንደሆነ፤ ስለ ቲኬቱ ዋጋ አንድም ቀን አያነሡም፤ ማን አጠገባቸው ተቀምጦ እንደነበረ ግን ዛሬም ይነግሯችኋል። ከአምስት ኪሎ አለፍ ብሎ ባለው ብሔራዊ ሙዚየምም፤ በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የተገኘችውን ድንቅነሽን ልጅ ይዞ ሄዶ ማሳየት ይቻላል።

በቅርቡ ደግሞ ብዙ ተጨምሯል። በ1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በዐሥር ሺሕ ሰው ተጀመረ። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ፤ በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፈቱ። ከነዚህ ውስጥ የመግቢያ ዋጋ ያለባቸው ስላሉ ከመነሣት በፊት መጠየቅ ደግ ነው።

«የዛሬው ኑሮ ሽርሽር ያስኬዳል ወይ?» ለምትሉ፤ እውነታችሁን ነው፤ ኑሮ ከብዷል። ነገር ግን ኪሳችንን የሚያራቁተው መግቢያው ሳይሆን እዚያ ከደረስን በኋላ የምናዘው ምሳ፤ ለስላሳና ማኪያቶ ነው። እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። እንጀራው በአገልግል፤ ቆሎው በፌስታል፤ ሻዩ በፔርሙስ ይያዝና ከዛፍ ሥር ጋቢ ተነጥፎ ይበላል። ታዲያ አገልግሉን ማን አስጣለን? ዕዳው የኛው ይሉኝታ ነው። ምሳ ቋጥሮ መሄድ የድኽነት ምልክት መሰለን።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። የሕዝብ ቦታ ሰው ካልተገናኘበት ለሌላ ነገር ይውላል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ያ ሁሉ ሜዳ ጭቃና የጎመን ቅጠል ሆኖ አይተናል። ችግር ነውና የሚፈረድበት የለም። በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ግን ገበያው ተነሣ፤ ወጣቱም መጥረጊያና አካፋ ይዞ ወጥቶ ሜዳውን አጸዳው። ለምን ይመስላችኋል? የልጅነት ትዝታው እዚያ ስላለ ነው። ሰው የተጫወተበትን ሜዳ አይረሳም፤ ያልረገጠውን ግን ምን ብሎ ይጠብቀዋል?

ይህ ለእድራችንም ይሠራል። ሰፈራችን እንደ ድሮው አይደለም። ገሚሱ በልማት ምክንያት ተነሥቷል፤ ገሚሱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከከተማው ጫፍ ገብቷል። መዋጮውን በወቅቱ ይከፍላል፤ ለቀብርም ይመጣል፤ ልጆቹ ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም። እኛ ካለፍን በኋላ እነዚህ ልጆች ስማቸውን እንኳ የማያውቁትን ሰው ሊቀብሩ ይመጣሉ ወይ? እኔ እጠራጠራለሁ። የማይተዋወቅ ሰው አይረዳዳም፤ እድር ማለት ደግሞ መረዳዳት ነው።

ስለሆነም በበኩሌ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በዓመት አንድ ቀን፤ በጥቅምት ወር ባለ አንድ እሑድ፤ ከነቤተሰባችን ወደ እንጦጦ እንውጣ። ዝናቡ አብቅቶ ሜዳው ያበበበት ወቅት ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁዳዴም ረመዳንም አይገጥመውም። ጽጌን የሚጾሙ እናቶች ስላሉ ግን በአገልግሉ ውስጥ የጾም ወጥ እንዳይታጣ። እስከ ሽሮ ሜዳ በአውቶቡስ፤ ከዚያ በላይ የቻለ በእግሩ፤ አረጋውያን በታክሲ ይወጣሉ። ክርስቲያኑ ከቅዳሴ በኋላ ይደርሳል፤ ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ሶላቱን የሚሰግድበት ንጹሕ ቦታ ይዘጋጅለታል።

የእድሩ ገንዘብ ግን አይነካ! እሱ የተቀመጠው ለክፉ ቀን ነው፤ ትራንስፖርቱን እያንዳንዱ ከኪሱ ይቻል። ከእድሩ የሚፈለገው ድስቱ፤ ሰሐኑና ምንጣፉ ነው። ገንዘብ ያዣችን እንዳይደነግጡ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ይመለሳል። በዚያው ሳምንት ሐዘን ከደረሰብን ደግሞ ጉዞው ለሌላ እሑድ ይተላለፋል፤ ወጉ ይህ ነውና።

እዚያ ስንደርስ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ልጆቹን ሰብሰብ አድርገው፤ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን የእንጦጦ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሳዩአቸው። ቀጥሎም ወደ ታች እየጠቆሙ ፍል ውሃው የት እንደሆነ፤ ጃንሜዳው የት እንደሆነ፤ የኛም ሰፈር የት እንደነበረ ይንገሯቸው።

ያ ትንሽ ልጅም በሚቀጥለው ዓመት ድስቱ ከእድሩ ቤት ሲወጣ ሲያይ «ማን ሞተ?» ሳይሆን «ወዴት ልንሄድ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያብቃን። ፈጣሪ ለከርሞ በጤና ያገናኘን።