ከአዋሽ ጣቢያ እስከ ሰመራ፦ ማስላትን በሥራ የመማር ታሪክ

በኢትዮጵያ ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት ሲነገር ታሪኩ ዘወትር ከአዲስ አበባ፣ ያውም ከመማሪያ ክፍልና ከጥቁር ሰሌዳ ይጀመራል። ይሁን እንጂ አንድ ሙያ የሚወለደው ስሙ በሥርዓተ ትምህርት ላይ በተጻፈበት ዕለት ሳይሆን ሥራው ግድ ባለበት ስፍራ ነው። ኮምፒዩተር ከሁሉ አስቀድሞ የማስሊያ መሣሪያ ነው፤ ለማስላት ደግሞ በቅድሚያ የሚለካ ነገር ሊኖር ይገባል። በዚህ ረገድ እንደ አዋሽ ሸለቆ ብዙ የተለካ፣ እንደ እርሱም ለመለካት የሚያስቸግር ምድር በአገሪቱ ውስጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአዋሽ ከተማ እስከ ሰመራ የሚወስደውን መንገድ ተከትሎ የመለካትንና የማስላትን ሥራ ታሪክ መመርመር፣ ዛሬ በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማረው ወጣት ምን እንደሚወርስ፣ ምንስ እንደ ጎደለው ለመረዳት ይረዳል።

በተለምዶ አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚባለው ከተማ የባቡር ልጅ ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከብዙ የገንዘብና የፖለቲካ ውጣ ውረድ በኋላም የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በአንድ ሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱ ባቡሮች እንዳይጋጠሙ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ የጎረቤቱን ጣቢያ ሁኔታ በሽቦ ሳያረጋግጥ ባቡር መልቀቅ አይችልም። ይህ ዛሬ በኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ውስጥ «አንዱን ሀብት ለሁለት ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ አለመስጠት» ተብሎ የሚጠናው ጥያቄ ራሱ ነው። የጣቢያው ሠራተኛ ግን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ቢሳሳት የሰው ሕይወት እንደሚጠፋ እያየ በየዕለቱ በመሥራት ነው። በድሬዳዋ የባቡሩ ወርክሾፕም ብዙ ኢትዮጵያውያን የመካኒክነትን ሙያ የተማሩት መፍቻና መዶሻ ጨብጠው ነበር። በዚህ መሥመር ላይ ተግባር ከትምህርት ቤት ቀድሞ መጣ ማለት ይቻላል።

ከሐዲዱ ቀጥሎ የማስላትን ሥራ ወደ ሸለቆው ያመጣው ውሃው ነው። በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቀቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያው ዘመን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ሶግሬአ ከተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ጋር በተፋሰሱ ላይ ሰፊ ጥናት አካሄደ፤ የጥናቱም ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1965 ቀረበ። በወረር የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ፤ በተንዳሆ ደግሞ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የጥጥ እርሻ አቋቋመ።

የወንዝን ውሃ ልክ ማወቅ ሲነገር ቀላል ይመስላል እንጂ አሠራሩ ረቂቅ ነው። በወንዙ ዳር የተተከለው ባለ ቁጥር ዘንግ የሚናገረው የውሃውን ከፍታ ብቻ ነው፤ በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያልፍ አይናገርም። ይህን ለማግኘት ባለሙያው በተለያየ ከፍታ ላይ የውሃውን ፍጥነት እየለካ፣ ከፍታንና መጠንን የሚያገናኝ መሥመር መንደፍ አለበት። አዋሽ ደግሞ ብዙ ደለል የሚያወርድ ወንዝ ስለ ሆነ የወንዙ ወለል ይለዋወጣል፤ ወለሉ ሲለወጥ ትናንት የተነደፈው መሥመር ዛሬ ይዋሻል። የቆቃም ማጠራቀሚያ ከዚሁ ደለል የተነሣ የመያዝ ዐቅሙን እየቀነሰ መጥቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለኮምፒዩተር ባለሙያ መሠረታዊ ነው፦ መሣሪያው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን የገባበት ቁጥር ከተበላሸ የሚወጣውም የተበላሸ ነው፤ የቁጥሩን ደኅንነት የሚያውቀው ደግሞ ጭቃው ውስጥ ገብቶ የለካው ሰው ነው።

በዚህ ዘመን የተፈጸመውን ሌላ ስሕተትም ታሪክ ዘንግቶ ሊያልፈው አይገባም። የመስኖ መሬቱ ሲቀየስ በሄክታርና በሜትር ኩብ የሚገለጸው ሁሉ ተሰላ። ነገር ግን ወንዙን ተከትሎ የተዘረጋው ለምለም መሬት በበጋ ወራት የአፋር አርብቶ አደር መንጋ የሚተርፍበት መሰማሪያ መሆኑ በስሌቱ ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም። ግጦሹ ለጥጥ ሲሰጥ ድርቅ በመጣ ጊዜ ከብቱ የሚሸሽበት አጣ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ በደረሰው ረኃብ የአፋር ሕዝብ የደረሰበት ከባድ ጉዳት ከዚህ ጋር ተያይዞ በታሪክ ጸሐፊዎች ሲነገር ቆይቷል። የሒሳቡ ስሌት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄውን ያቀረበው ሰው ግን አገሩን አያውቀውም ነበር። ጥያቄን ማቅረብ መልስን ከማስላት የሚቀድም ሙያ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ተለኪ ነገር ምድሪቱ ራሷ ናት። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሲቋቋም፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን የመሬት መንቀጥቀጥን በመመዝገብና የቀድሞውን ታሪክ በመሰብሰብ ረጅም ዘመን ደክመዋል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ዛሬ ሰመራ ከምትገኝበት አቅራቢያ፣ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የሰርዶ መንደር በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ሰውም ሞተ። በዚያን ጊዜ የነበረው መሣሪያ ነውጡን በወረቀት ላይ ሲጽፍ ምድሪቱ ምን ያህል እንደ ተላቀቀች ለማወቅ ግን ባለሙያ በእግሩ ሄዶ ስንጥቁን መለካት ነበረበት።

ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በሰሜን አፋር በዳባሁ አካባቢ ምድር በተከታታይ ተናወጠች። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መሥመር ቅልጥ አለት ከታች ገብቶ ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር ድረስ አላቀቃት። ይህን ያስታወቀው ኢንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በራዳር ያነሣቸውን ሁለት ሥዕሎች በኮምፒዩተር በማነጻጸር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሳተላይቱ ያንኑ ስፍራ በሁለት የተለያዩ ቀናት ያየዋል፤ ምድሪቱ በመካከሉ ከተንቀሳቀሰች የሚመለሰው ሞገድ ጥቂት ይዛነፋል፤ መዛነፉ በቀለም ቀለበት ሲገለጽ አንዱ ቀለበት ወደ 2.8 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ እንቅስቃሴን ያመለክታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን በስፍራው ተገኝተው የተሰላውን ከመሬቱ ጋር አመሳከሩ። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስም 13 ያህል ተጨማሪ ተመሳሳይ ክሥተቶች ተመዘገቡ። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የተነሣው በውጭ ሳተላይት ነበር፤ ከባዱም ስሌት በአብዛኛው የተሠራው በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ነው።

ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ጥያቄውን አንሥተው ራሳቸው ስሌቱን የሠሩበት መስክ ግን አለ፤ እርሱም የፊደል ጉዳይ ነው። ኢንጂኒየር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል ለጽሕፈት መኪና፣ ኢንጂኒየር ተረፈ ራስወርቅ ደግሞ ለቴሌፕሪንተር አስማሙት። ግላዊ ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ በአሜሪካ የሚኖሩት አቶ ፍሥሐ አጥላውና ሌሎችም ባለሙያዎች የግእዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችል ፕሮግራም ሠሩ። ችግሩ ግልጽ ነበር፤ በዘመኑ የነበረው መደበኛ ኮድ 128 ቦታ ብቻ ሲኖረው፣ በሰባት የድምፅ ዓይነት የሚረባው የግእዝ ፊደል ከዲቃላዎቹና ከአኃዙ ጋር ከዚያ እጅግ ይበልጣል። እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ኮድ ስለ ተጠቀመም በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ከብዙ ክርክርና ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ደንብ ፊደሉ 384 ቦታ ያለው የራሱ ክልል ተሰጠው። ይህን ድል ያስገኘው የፈተና ውጤት አይደለም፤ ሠርቶ፣ አበላሽቶ፣ ደግሞ አስተካክሎ የመማር ውጤት ነው።

የዩኒቨርሲቲው ትምህርት የመጣው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የአማርኛን ጽሑፍ በመሣሪያ ስለ ማንበብና ስለ መፈለግ የተሠሩ ጥናቶች ታዩ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ ከተቋቋሙት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሆኖ ሥራ ጀመረ። የአፋር ክልል መቀመጫ ከአሳይታ ወደ ሰመራ ተዛውሮ ከተማይቱ ገና በመገንባት ላይ ሳለች፣ በበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስበት ስፍራ ዩኒቨርሲቲ መክፈት ደፋር እርምጃ ነበር።

በአገሪቱ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት መሠረት ተማሪው ከመመረቁ በፊት የማጠቃለያ ፕሮጀክት መሥራት ይጠበቅበታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን በየዩኒቨርሲቲው መምህራን ዘንድ የታወቀ አንድ ችግር አለ፤ የተማሪ ምዝገባ፣ የቤተ መጻሕፍት ማዋሻ፣ የመሥሪያ ቤት ንብረት መቆጣጠሪያ የመሳሰሉት ርእሶች ከዓመት ዓመት ይደጋገማሉ። ሰነዱ በጥራዝ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ ግን ከመከላከያው ቀን በኋላ የሚከፍተው አይገኝም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና በበኩሉ አነስተኛውን የዕውቀት ደረጃ ለማረጋገጥ ጠቃሚ ቢሆንም፣ የወንዝ ዳር ዘንግ ሲዋሽ የሚያውቅ ተመራቂን ከማያውቀው ለይቶ ማሳየት አይችልም።

የዛሬው ሁኔታ ከ1998ቱ የሚለይበት ዐቢይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጠቀው ሴንቲኔል አንድ የተባለው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት የሚያነሣው ሥዕል ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ሥዕሉን የሚያነጻጽረው ፕሮግራምም እንዲሁ በነጻ ይገኛል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ ምድር ለወራት ተናውጣ፣ በየካቲትም መጠኑ 6 የደረሰ ነውጥ ተከሥቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው ሲነሣ፣ የምድሪቱን መላቀቅ የሚያሳየው መረጃ በለንደን ላለው ተመራማሪም በሰመራ ላለው ተማሪም በእኩል ክፍት ነበር። እንደ ሰርዶ ዘመን መሣሪያ ጠፋ ሊባል አይችልም። የቀረው ጥያቄ መረጃውን አውርዶ፣ አስልቶ፣ ውጤቱን በአፋርኛ ለወረዳው ሕዝብ ሊያስረዳ የሚችል ሰው ማፍራት ነው።

የአዋሽ ውሃም እንዲሁ ይጠብቃል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ወንዙ ሞልቶ በታችኛው አዋሽ ቤትና እርሻ ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ ውሃው ከላይኛው ተፋሰስ ተነሥቶ ዱብቲና አሳይታ እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ ለማስጠንቀቂያ ሊያገለግል የሚገባ ነበር። የውሃ ከፍታን በድምፅ ሞገድ የሚለካ ርካሽ መሣሪያ ሠርቶ፣ ቁጥሩን በሞባይል መልእክት ልኮ፣ ከቀድሞው መዝገብ ጋር ማመሳከር ከማጠቃለያ ፕሮጀክት ዐቅም በላይ አይደለም። የአፋርኛም ቋንቋ የራሱ ጥያቄ አለው። በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የግእዝ ፊደል የደረሰበት የኮድ ችግር አልደረሰበትም፤ የፊደል ግድፈት የሚያርም፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም ግን ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚሆነውን ቃል የሚሰበስበውም ከተናጋሪው ጋር የሚኖር ሰው ነው።

መሰናክሉ ቀላል እንዳልሆነ የሚካድ አይደለም። ሙቀቱ መሣሪያ ያቃጥላል፣ መብራት ይቋረጣል፣ መምህሩ ብዙ ተማሪ ይይዛል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን በየዓመቱ የተሠራው ሥራ ለተከታዩ ተማሪ አለመተላለፉ ነው። የወንዝ መዝገብ ዋጋ የሚኖረው ሃያና ሠላሳ ዓመት ሳይቋረጥ ሲያዝ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የተማሪዎች ምርምርም ፍሬ የሚያፈራው የዘንድሮው ተመራቂ የቆመበትን የሚመጣው ዓመት ተማሪ ሲቀጥል ነው። በዚህ ረገድ የሙያ ማኅበራት ድርሻ ግልጽ ነው፤ በውሃ፣ በመንገድ፣ በባቡርና በመብራት ሥራ ላይ ያሉ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው ያልተፈቱ ጥያቄዎችንና የተከማቹ መዝገቦችን ለተማሪዎቹ ሊያቀርቡ ይችላሉ።

በአዋሽ ሸለቆ ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ ተለክቷል። ሐዲዱን የውጭ ኩባንያ ለካው፤ ውሃውን የውጭ ባለሙያ አሰላው፤ ስንጥቁን የውጭ ሳተላይት አየው። ከእነዚህ ልኬቶች አንዳንዶቹ የአገሩን ሰው ጠቀሙ፤ አንዳንዶቹም የአገሩ ሰው ስላልተጠየቀባቸው ጎዱት። በሰመራ ያለው የኮምፒዩተር ትምህርት የሚመዘነው እንግዲህ በሚያስመርቀው ብዛት ሳይሆን፣ ቀጣዩን ልኬት ማን ይወስናል፣ ማንስ ያሰላል ለሚለው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።