ከነጋሪት እስከ ትንሿ ድምፅ ማጉያ

የሰው ድምፅ በተፈጥሮው አጭር ነው። በፎገራ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚጣራ ሰው፥ ነፋሱ ከረዳው ጥቂት ማሳ ያህል ይሰማለታል፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ በሩዙና በሣሩ መካከል ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ የሰው ልጅ ድምፁን የሚያስረዝምበትን ዘዴ ሲፈልግ ኖሯል። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን በዓል አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር ስንሠራ፥ ይህ ፍለጋ ረጅም ታሪክ ያለው መሆኑን ስለ ተረዳን ለአንባብያን በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ለበዓሉ ኤግዚቢሽን የፎገራን ሜዳ ሞዴል በሰፊ ጣውላ ላይ ሠራን። የጉናን ተራራ በጭቃና በጭድ አቆምን፤ ከእርሱ የሚነሡትን የርብንና የጉማራን ወንዞች ሰማያዊ ቀባን፤ በስተምዕራብ ጣናን አደረግን። ወረታንም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው በሚገናኙበት ላይ አኖርናት። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ሞዴሉ ዲዳ መሆኑ ቅር አሰኘን። የከብቱን፥ የዝናቡን፥ የወንዙንና የሰውን ድምፅ በስልክ ቀርፀን ለማሰማት ሞከርን፤ ነገር ግን የስልኩ ድምፅ ከጠረጴዛው አልፎ ወደ አዳራሹ አልደርስ አለ። አምፕሊፋየር ያስፈለገን በዚህ ምክንያት ነው።

በአገራችን የመንግሥትን ቃል ወደ ሕዝብ ለማድረስ ከጥንት ያገለገለው መሣሪያ ነጋሪት ነበር። ነጋሪት ሲጎሰም ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ዐዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል፤ የሰማውም ላልሰማው ያሰማል። ከበሮው ራሱ ቃል አልነበረውም፤ ሥራው ጆሮን ማንቃት ነበር። ቃሉን ከመንደር ወደ መንደር የሚያደርሰው ሰው ነው። ይህ መሣሪያ የነበረውን ክብር ለማወቅ፥ በመጋቢት 1934 ዓ.ም. ሕጎች የሚታወጁበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉን ማስታወስ ይበቃል። የፌዴራል መንግሥቱ ሕጎች የሚወጡበት ጋዜጣ ዛሬም ይህንኑ ስም ይዟል።

በ1928 ዓ.ም. መስከረም ወር አሮጌው መሣሪያና አዲሱ መሣሪያ ባንድነት ለአገር አገለገሉ። መስከረም 2 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ አማካይነት በባሕር ማዶ ላሉ አድማጮች የኢትዮጵያን አቤቱታ አሰሙ። መስከረም 22 ቀን የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ በገባ ጊዜ ደግሞ፥ በአዲስ አበባ በምኒልክ ግቢ ታላቁ ነጋሪት ተጎስሞ የክተት ዐዋጅ ተነበበ። የአቃቂው ድምፅ ውቅያኖስን ተሻገረ፤ የነጋሪቱ ድምፅ ግን ከከተማው ርቆ አልሄደም። ሆኖም ነጋሪቱን የሰማው ሕዝብ ጦሩንና ጋሻውን ይዞ ተነሣ። ሬዲዮውን የሰማው ዓለም ግን የሚገባውን ያህል አልረዳም፤ የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ የጣለው ማዕቀብ እንኳ ነዳጅን የሚከለክል አልነበረም። ከዚህ የምንማረው መሰማትና መደመጥ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ የሬዲዮ ሥርጭትም እንደገና ተጀመረ። በዚያን ጊዜ መቀበያ ያለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፥ በአዲስ አበባ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ሥፍራዎች ድምፅ ማጉያ እየተተከለ መንገደኛው ቆሞ ወሬ ይሰማ ነበር። ነጋሪት የሠራውን ሥራ አሁን የኤሌክትሪክ ኀይል ተረከበው ማለት ነው።

ይህ እንዲሆን ያደረገው ፍልስፍና የመጣው ከወደ ውጭ ነው። በ1899 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በመስታወት አምፖል ውስጥ ሦስተኛ ሽቦ አስገባ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በዚያች ሽቦ አማካይነት ደካማውን ድምፅ ማጉላት እንደሚቻል ታወቀ። ሆኖም አምፖሉ ይግላል፤ ይሰበራል፤ ብዙ ኤሌክትሪክም ይፈልጋል። በታኅሣሥ 1940 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ባርዲንና ብራተን ትራንዚስተርን ሠሩ፤ እነርሱና ባልደረባቸው ሾክሌይም በ1949 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ትራንዚስተር ትንሽና ጠንካራ በመሆኑ፥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ መብራት ወዳልገባበት ገጠር ሊደርስ ቻለ። በኋላም ብዙ ትራንዚስተሮች ባንዲት ጥፍር የምታህል ቺፕ ውስጥ ተጠቃለሉ። እኛ የተጠቀምንባት 386 የምትባለው ቺፕ ከነዚሁ አንዷ ናት።

አምፕሊፋየር ደካማውን ድምፅ ራሱን እያሳበጠ የሚያሳድገው የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሜዳችን ገበሬ ባንድ አካፋ ጭቃ የቦይን አፍ ሲከፍትና ሲዘጋ፥ ትንሹ ጉልበቱ ታላቁን ውኃ ወደ ማሳው ይመራል። እንዲሁም ከስልክ የሚመጣው ደካማ ኤሌክትሪክ ከባትሪው የሚመጣውን ብርቱ ኀይል ይከፍተዋል፥ ይዘጋዋል። ስፒከሩን የሚያንቀጠቅጠው የባትሪው ጉልበት ነው፤ ትእዛዙ ግን የድምፁ ነው።

ዕቃዎቹ ብዙ አልነበሩም። ስምንት እግር ያላት ቺፕ፥ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፥ ጥቂት ካፓሲተሮች፥ ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንስ ቁልፍ፥ እንዲሁም ባለ 8 ኦም ስፒከር ነበሩ። ቺፒቱ እንዲሁ ስትሠራ ድምፁን 20 ጊዜ ታጎላዋለች፤ ባንደኛውና በስምንተኛው እግሮቿ መካከል ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢገባ ግን 200 ጊዜ ታደርሰዋለች። እኛም የበዛው ይሻላል ብለን 200ውን መረጥን። ባትሪውን ስናገናኝ የርብ ወንዝ ድምፅ ሳይሆን ጆሮ የሚበሳ ፉጨትና ጉርምርምታ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦውን ስንፈታና ስንቋጥር ከቆየን በኋላ ጥፋቱ የራሳችን መሆኑን አወቅን። አምፕሊፋየር መልካሙን ከክፉው አይመርጥም፤ ቃሉን ሲያጎላ ከቃሉ ጋር የገባውንም ጉርምርምታ ያጎላል። ካፓሲተሩን ነቅለን ወደ 20 ስንመልሰው ድምፁ ጠራ።

የቀረውን ጥፋት ያረሙልን አንድ የተማሪ አባት ናቸው። እኛ ስፒከሩን ከጉና ተራራ ሥር ደብቀን፥ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሜዳው ላይ የደረሰውን የጎርፍ አደጋ ለማስታወስ የጥሪ ድምፅ ከተራራው እንዲወጣ አድርገን ነበር። እርሳቸው ጥቂት አዳምጠው ራሳቸውን ነቀነቁና፥ «ልጆቼ፥ ተራራውማ መች ጮኸ! እኔን የቀሰቀሰኝ የጎረቤቴ ጥሪ ነው። እኔም ወጥቼ ወደሚቀጥለው ቤት ጮኽሁ። እንዲያ እየተቀባበልን ነው የወጣን» አሉን። አፈርን፤ ምክንያቱም ከራሳችን ወላጆች ጠይቀን ማወቅ የሚገባንን ነገር ሳንጠይቅ ሠርተነው ነበርና። ወዲያው ፈቃዳቸውን ጠይቀን የእርሳቸውን ጥሪ ቀረፅን፤ ስፒከሩንም ከተራራው አንሥተን በርብ ዳር ካሉት ትንንሽ ጎጆዎች ሥር አኖርነው።

በበዓሉ ቀን የመጡ ወላጆች ያንን ድምፅ ሲሰሙ ወደ ሞዴሉ ቀረቡ፤ የራሳቸውን ቤት ቦታ በጣታቸው እያሳዩም ለልጆቻቸው ያን ጊዜ የሆነውን ይነግሩ ጀመር። ከዚያ በኋላ የእኛን ሣጥን ያስታወሳት አልነበረም፤ እኛም በዚህ አልተከፋንም። ነጋሪትም ሥራው ይኸው ነበርና፤ ጆሮን ካነቃ በኋላ ነገሩን ለሰው ይተዋል።

ታናናሾቻችን ሆይ፥ ሣጥኒቱን ከነሥዕሏ በሳይንስ ክፍል ትተንላችኋል። ፈትታችሁ ብትሠሯት፥ ከእኛም አብልጣችሁ ብታሻሽሏት ደስ ይለናል። አደራ የምንላችሁ ግን፥ ድምፅ ከማጉላታችሁ በፊት የምታጎሉት ቃል እውነተኛ መሆኑን ከሚያውቁት ሰዎች ጠይቃችሁ እንድትረዱ ነው።