ማን ይፈልግ፣ ማን ያቅርብ? የዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ኮንቴይነር አጭር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው። አንድ የፕሮግራም ክፍል ሥራውን ለማከናወን ሌላ ክፍል ሲያስፈልገው ማን ያቅርብለት? የተማሪዎችን ውጤት የሚያሰላ ክላስ ዳታቤዝ ያስፈልገዋል እንበል። ዳታቤዙን የሚያገናኘውን ኦብጀክት ራሱ ከፈጠረ ከእርሱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ስሌቱን ብቻ ለመፈተሽ ስንሻ እንኳ እውነተኛውን መዝገብ መንካት ግድ ይሆንብናል።

ራልፍ ጆንሰንና ብራያን ፉት እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ «የቁጥጥር መገልበጥ» የሚባለውን ጠባይ ገልጸው ነበር፤ ይኸውም ፕሮግራመሩ የጻፈውን ኮድ ፍሬምወርኩ ራሱ የሚጠራበት አሠራር ነው። ሐሳቡ በጥገኝነት ጉዳይ ላይ ጎልቶ የወጣው ግን በጃቫ ዓለም ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በትልልቅ የጃቫ ሥርዓቶች እያንዳንዱ ክፍል የሚያስፈልገውን ነገር ከማውጫ በስም ፈልጎ ያመጣ ነበር። ሮድ ጆንሰን በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን ሥርዓቶች ውስብስብነት ተቸ፤ ከመጽሐፉ ጋር የቀረበው ኮድም ለስፕሪንግ መሠረት ሆነ። በ2004 መጀመሪያ ማርቲን ፋውለር «የቁጥጥር መገልበጥ» እጅግ ሰፊ ስያሜ መሆኑን አስረድቶ «ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን» የሚለውን ስም አስተዋወቀ።

የኮንቴይነሩ ተግባር ሁለት ነው። የመጀመሪያው ምዝገባ ነው፦ «ይህ ኢንተርፌስ ሲጠየቅ ያንን ክላስ አቅርብ» እንለዋለን፤ በየጥያቄው አዲስ ኦብጀክት ይፍጠር ወይስ አንዱን ለሁሉ ያጋራ የሚለውንም እንወስናለን። ሁለተኛው ማሟላት ነው፦ ኮንቴይነሩ የክላሱን ኮንስትራክተር አይቶ የሚፈለጉትን ከመዝገቡ ያወጣል፤ እነርሱም የሚሹት ካለ አስቀድሞ ያንን ይሠራል፤ በመጨረሻም የተሟላውን ኦብጀክት ያስረክባል።

ይህ ምቾት ግን ዋጋ አለው። ምዝገባው ከተዘነጋ፣ በብዙዎቹ ኮንቴይነሮች ዘንድ ስሕተቱ የሚገለጠው ኮዱ ሲጠናቀር ሳይሆን ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው። ከዚህ የከፋው በተማሪዎቻችን ሥራ ዘወትር የማየው ልማድ ነው፦ ኮንቴይነሩን ራሱን ለየክላሱ ሰጥቶ «የምትፈልገውን ከዚህ ውሰድ» ማለት። ይህን ያደረገ ሰው ሳያውቀው ወደ 1990ዎቹ የስም ፍለጋ ተመልሷል። የክላሱ ጥገኝነት ከኮንስትራክተሩ ጠፍቶ በኮዱ ሆድ ውስጥ ተሸሸገ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ኮንቴይነሩ ረዳት እንጂ ዋናው ነገር አለመሆኑን ነው። ዋናው ነገር ክላሱ የሚያስፈልገውን በግልጽ መናገሩና አቅራቢው ከውጭ መሆኑ ነው። በትንሽ ፕሮግራም ይህን ያለ ምንም ኮንቴይነር፣ በእጃችን በኮንስትራክተር በኩል በማቀበል ልንፈጽመው እንችላለን። ፕሮግራሙ አድጎ ኮንቴይነር ሲያስፈልገንም፣ በተቻለ መጠን ፕሮግራሙ በሚጀምርበት በአንድ ስፍራ ብቻ እንጠይቀው፤ የቀረው ኮድ ኮንቴይነር መኖሩን እንኳ አይወቅ።