የዋጋ ንረት ግምት ጥናት

የዋጋ ንረት ግምት ጥናት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ዋጋ ወደፊት በስንት በመቶ ይጨምራል ብለው እንደሚጠብቁ በየጊዜው እየተጠየቁ መልሳቸው የሚጠናቀርበት ዘዴ ነው። ማዕከላዊ ባንኮች የሚከታተሉት ግምቱ ራሱ ዋጋን ስለሚገፋ ነው፤ ዕቃው ነገ ይወደዳል ብሎ ያመነ ነጋዴ ዛሬውኑ ይጨምርበታል።

እስካሁን ከዘለቁት ጥናቶች አንጋፋውን የጀመረው የፊላዴልፊያ ጋዜጣ አምደኛ የነበረው ጆሴፍ ሊቪንግስተን ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1946 ነበር። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የራሱን በ1999 ጀመረ። ዓለምን በአንድ መጠይቅ የማዳረሱ ሥራ ግን ይበልጡን የሙኒኩ ኢፎ ተቋም ነው። ተቋሙ ዛሬ ከአንድ የስዊዘርላንድ የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ከመቶ በላይ አገሮች ያሉ ባለሙያዎችን በየሩብ ዓመቱ ይጠይቃል።

መልሶቹን ማጠቃለል ከመሰብሰቡ ይከብዳል። አራት ባለሙያዎች 2፣ 3፣ 4 እና 5 በመቶ ቢሉ፣ ምንዛሬው በተናጋበት አገር ያለው አምስተኛው ደግሞ 100 ቢል፣ አማካዩ 22.8 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የማንም ግምት አይደለም። ስለዚህ መልሶቹ በቅደም ተከተል ተደርድረው መሐል ላይ የሚውለው ቁጥር፣ ሚዲያን፣ ይመረጣል፤ እዚህ 4 ነው። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ቁጥር ብቻ አይበቃኝም ብሎ፣ ንረቱ በተለያዩ የቁጥር ክልሎች ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ስንት እንደሆነም ይጠይቃል። የባለሙያው ጥርጣሬ የሚታየው እዚያ ነው፤ ከነጠላ ቁጥሩ ይልቅ ብዙ የሚናገረውም ምናልባት ይኸው ጥርጣሬ ነው።

ባለሙያ መሆን ከስህተት አያድንም። በ2021 የመጨረሻ ሩብ ዓመት የዚሁ ባንክ ተጠያቂዎች ለ2022 የገመቱት አማካይ 1.9 በመቶ ነበር፤ የዩሮ አገሮች የዓመቱ ንረት 8.4 በመቶ ሆኖ አረፈ። ይሁንና የአምስት ዓመት ግምታቸው በዚያ ሁሉ መሐል ከባንኩ የ2 በመቶ ግብ ብዙም አልራቀም። ባንኮቹ ከቅርቡ ይልቅ ይህንን የሩቁን ቁጥር የሚያዩት በገቡት ቃል ላይ ያለውን እምነት ስለሚለኩበት ነው።

የኢፎ ውጤት በክፍለ አህጉር ሲወጣ የምሥራቅ አፍሪካ ግምት ከምዕራብ አውሮፓው እጅግ ከፍ ብሎ ይታያል። ክፍለ አህጉሩ ግን አንድ ወጥ አይደለም፦ በ2022 የኢትዮጵያ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የኬንያ ከ10 በመቶ በታች ነበር።