«ማን ሞተ?»፦ የዘመድ ጥየቃ በባቡሩ ዘመንና ዛሬ

ባለፈው ጥር የግማሽ ዓመቱን ሒሳብ ዘግቼ፣ የ4 ቀን ፈቃድ ወስጄ እናቴን ልጠይቅ ድሬዳዋ ሄድኩ። ከጭሮ ድሬዳዋ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት መናኸሪያ የተገኘ ሰው በዚያው ቀን ይደርሳል። እኔ ግን ከሄድኩ 6 ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሥራው፣ ልጆቹ፣ የመንገዱ ነገር፣ የገንዘቡ ነገር እያልኩ ዓመቱ አለፈ። በየሳምንቱ በስልክ ስለምንገናኝ የራቅኳት አይመስለኝም ነበር።

እንደምመጣ አልነገርኳትም። ደስ ይላታል ብዬ ነው። እናቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ ግን አልሳቀችም። ግድግዳውን ደገፍ ብላ «ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም አልሞተም እማ፣ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» ብላትም ቶሎ አላመነችኝም። ወንድሜ ዘንድ አስደውላ ድምፁን ከሰማች በኋላ ነው ቁጭ ብላ ያቀፈችኝ።

ያ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ሞት የሚታሰበው ከመቼ ወዲህ ነው? በአያቴ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። አያቴ የአሰበ ተፈሪ ሴት ነበረች፤ ልጇ ድሬዳዋ የገባችው ደግሞ በባቡሩ ምክንያት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከባቡሩ ልጀምር።

ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሣ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ተራራው ግን አልመች ስላለ መስመሩ ከግርጌው ቀረ። በ1895 በደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ በቀለ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተካና ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።

የእኛ የጨርጨር ደጋ በዚህ መስመር ላይ አልነበረም። ሐዲዱ በኤረር፣ በአፍደምና በሚኤሶ አድርጎ ቆላ ለቆላ ነው ወደ አዋሽ የሄደው። አሰበ ተፈሪ የጨርጨር ዋና ከተማ ሆና የተሠራችው በ1910ዎቹ፣ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አገሩን ሲያስተዳድሩ ነው። እኚህ ሰው በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ተወስደው፣ እዚያ አድገውና ተምረው ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት። ከተማችንን ያቀኑት ከዘመድ ርቆ መኖርን በልጅነታቸው ያዩ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

ከተማዋ ደጋ፣ ባቡሩ ቆላ ስለሆኑ ሚኤሶ በራችን ሆነች። የጨርጨር ሰው ባቡር የሚይዘው ወደ ሚኤሶ ወርዶ ነበር። እናቴም በ1966 ዓ.ም. በድሬዳዋው የባቡር ጥገና ጋራዥ ይሠራ የነበረውን አባቴን አግብታ የሄደችው በዚሁ በር ነው።

አያቴ በዓመት ሁለት ጊዜ ልጇን ትጠይቅ ነበር። በጭነት መኪና ሚኤሶ ትወርዳለች፤ ባቡሩ እስኪመጣ አንዳንዴ እዚያው ታድራለች። ቡና፣ ቅቤና ማር ይዛ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ከድሬ ጨርቅና ሳህን ይዛ ትመጣለች፤ ጥቂቱን ሸጣ ጥቂቱን ትሰጣለች። በዚህ ጉዞዬ እናቴን የጠየቅኳት አንድ ነገር ነበር፤ አያቴ የመሳፈሪያውን ገንዘብ ከየት ታመጣ ነበር? መልሷ እኔን የሒሳብ ሠራተኛዋን አሳፈረኝ። ልጆቻቸውን ድሬና አዲስ አበባ የዳሩ 10 ሴቶች ዕቁብ ነበራቸው። ዕቁቡ የደረሳት ሴት በገንዘቡ ሌላ ነገር አታደርግም፤ ሄዳ ልጇን ትጠይቃለች። ስትመለስ ደግሞ የሁሉንም ልጆች ወሬ ይዛ ትመጣለች። ስሙም «የጥየቃ ዕቁብ» ነበር። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጥየቃ ግን ቋሚ ወጪዋ ነበር።

መንገዱ ሁልጊዜ ቀና አልነበረም። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲወር ድልድዮች ፈረሱ፣ ባቡሩ ቆመ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ድሬዳዋ ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። እናቴ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ ነበር፤ አያቴ የልጇን መኖር ለወራት ሳታውቅ ቆየች። በጥር 1977 ደግሞ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የነበረ ባቡር አዋሽ አጠገብ ከድልድይ ወድቆ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። እናቴ እንደምትለው አያቴ ከአደጋው በኋላም መሄዷን አልተወችም፤ «የተኛም ይሞታል» ትል ነበር።

ጥየቃውን ያደከመው ጦርነትም አደጋም አልነበረም። ባቡሩ ቀስ በቀስ አረጀ፤ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መመላለሱ ቀረ። አባቴ የሠራበት ጋራዥ ጸጥ አለ። በ2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ሚኤሶ በአዲሱ መስመርም ላይ አለች። እኛ ግን በመካከሉ ልማዱን ረሳነው። ስልክ ገባ፤ በሞባይል ብር መላክ ተቻለ። ብሩን ልከን ድምፅ ሰምተን «ጠየቅን» እንላለን።

በድምፅ የማይታይ ነገር አለ። የእናቴ የግራ ዓይን እየጠፋ መሆኑን ያወቅኩት ቡና ስትቀዳልኝ ከስኒው ውጪ ስታፈስ አይቼ ነው። በስልክ ለ2 ዓመት «ደህና ነኝ» ስትለኝ ነበር። በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይድናል ተባልን።

ከዚያ የተመለስኩት ወደ መዝገቤ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ባለታሪኳን አስፈቅጄ ነው። ከ2 ዓመት በፊት አንዲት አባላችን አዲስ አበባ ያለች ታማሚ እናቷን ለመጠየቅ የመሳፈሪያ ብድር ጠየቀችኝ። ደንቡን ገልጬ አሳየኋት፤ ብድር ለበግ ማደለብ፣ ለጉልት ንግድ፣ ለዶሮ ነው። ለጥየቃ የሚል የለም። መለስኳት። ከ5 ሳምንት በኋላ እናትየዋ ዐረፉ። በዚያ ቀን ያለ ምንም ጥያቄ ከማኅበራዊ መዋጮው የመሄጃና የመመለሻዋን ከፈልን፤ ምክንያቱም «ለለቅሶ ትራንስፖርት» የሚል መስመር አለን። ቫውቸሩን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡ ያው ነበር፣ መንገዱም ያው ነበር። የዘገየው በ5 ሳምንት ብቻ ነው።

እንግዲህ እናቴ «ማን ሞተ?» ማለቷ አያስደንቅም። የእኛም መዝገብ የሚለው ያንኑ ነው፤ ሰው ሲሞት ሂዱ ይላል፣ በሕይወት ሳለ ግን አይልም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከማኅበራዊ መዋጮው ላይ «የጥየቃ ብድር» የሚል መስመር ይከፈት። ያለ ወለድ፣ ለአንዲት አባል በዓመት አንድ ጊዜ፣ በ6 ወር የሚመለስ ይሁን። ለጋሾቻችን እንዳይሰጉ፣ ለሥራ ማስጀመሪያ የተሰጠን ተዘዋዋሪ ገንዘብ አይነካም፤ ይህ ከየሳምንቱ የራሳችን መዋጮ የሚወጣ ነው። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ አሁን ባለን መዋጮ በየወሩ 2 አባላት መሄድ ይችላሉ። 10ሩ ሴቶች ያለ ደንብና ያለ ቫውቸር ያደረጉትን እኛ 64 ሆነን አያቅተንም።

የእናቴ ቀዶ ጥገና ለግንቦት ተቀጥሯል። ቀኑን ነግሬያታለሁ፤ በሩን ስትከፍት የምትጠይቀኝ ሌላ ነገር እንዲሆን እፈልጋለሁ።